የተሰበረው ስንት ያወጣል? የንብረት ጉዳትና ካሳ በሕግ ዐይን

የዛሬው የሕግ ዝግጅታችን ስለ ንብረት ጉዳትና ስለ ካሳው ስሌት ነው።

አንድ ሚኒባስ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ይለውና ከመንገድ ዳር ሱቅ ውስጥ ይገባል እንበል። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን ነው። የሱቁ ቆርቆሮ ግን ተጨማዷል፣ መደርደሪያው ወድቋል፣ ፍሪጁ ተሰብሯል፣ ዘይቱ ፈስሷል። የሰፈሩ ሰው ይሰበሰባል። ባለሱቋ «ሁለት መቶ ሺህ ብር ትከፍለኛለህ!» ይላሉ። ሾፌሩ «ፍሬን ነው እምቢ ያለኝ፤ እኔ ምን ላድርግ?» ይላል። ከተሰበሰበው አንዱ «ኢንሹራንስ አለ አይደል እንዴ፣ ምን ያጨቃጭቃችኋል?» ሲል፣ አንድ አዛውንት ደግሞ «በሉ ሃምሳ ሺህ ይስጣትና ተታረቁ» ብለው ይገላግላሉ።

ከዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ ሕጉ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ማን ይክፈል፣ ስንት ይክፈል። ሰዉ ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚከራከረው በመጀመሪያው ነው። እኔ ግን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ጥርት ብሎ እየታወቀ፣ የጉዳቱን ልክ ማስረዳት ስላቃተው ብቻ የሚገባውን ሳያገኝ የሚቀር ሰው አለና።

ሕጉ የቱ ነው ካላችሁ፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ሥራ ላይ የዋለው መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለዋውጧል፣ ከሕጉም አንዳንዱ ክፍል በሌላ ተተክቷል፤ የቤተሰቡን ክፍል ማስታወስ ይበቃል። ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የሚናገረው ክፍል፣ ማለትም ከአንቀጽ 2027 እስከ 2161 ያለው፣ ዛሬም ይሠራል። «ከውል ውጭ» የተባለው በሚኒባሱና በባለሱቋ መካከል ቀድሞ የተፈረመ ምንም ውል ስለሌለ ነው። የሚያገናኛቸው ጉዳቱ ብቻ ነው።

በዚህ ሕግ አንድ ሰው ካሳ የሚከፍለው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛው በጥፋቱ ነው፤ አስቦ ወይም ችላ ብሎ፣ አንድ ነገር አድርጎ ወይም ማድረግ የነበረበትን ሳያደርግ ቀርቶ። ሌላው ምንም ጥፋት ሳይኖርበት ሕጉ ራሱ «አንተ ትከፍላለህ» ሲለው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ስለ ሌላ ሰው ሲጠየቅ ነው፤ አባት ስለ ልጁ፣ አሠሪ በሥራው ላይ ጉዳት ስላደረሰ ሠራተኛው።

አሁን ወደ ሾፌሩ ንግግር እንመለስ። «ፍሬን እምቢ አለኝ» ማለት በተራ ሰው ጆሮ በቂ ምክንያት ይመስላል። በሕጉ ግን የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ የሚሆነው ጥፋት ሳይኖርበትም ነው። አንቀጽ 2081 እንዲያውም መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ባለቤቱ አያመልጥም ይላል። ጥፋት አልሠራሁም፣ የአደጋው ምክንያት አልታወቀም፣ ልከላከለው አልችልም ነበር፣ ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው፤ እነዚህ ሁሉ መከላከያ አይሆኑም። ባለቤቱን ነጻ የሚያወጣው በአደጋው ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ማስረዳት ነው፤ አለዚያም ጉዳቱ የመጣው በተጎጂው በራሱ ጥፋት ከሆነ፣ እንደ ጥፋቱ መጠን ኃላፊነቱ በሙሉ ወይም በከፊል ይቀርለታል። መኪናቸውን ሸጠው ሊብሬውን ሳያዛውሩ ዓመት ሁለት ዓመት የሚቆዩ ሰዎች ይህን ልብ ቢሉት ደግ ነው። መጥሪያው የሚመጣው ሊብሬው ላይ ወዳለው ስም ነውና።

ይኸው ጠንካራ ደንብ ለሌሎችም ነገሮች አለ። ሕንጻው ወይም ግንቡ ተደርምሶ የጎረቤትን ንብረት ያጠፋ ባለቤት፣ «ይወድቃል ብዬ አላሰብኩም» ቢል አይሰማለትም። ፈንጂ ወይም መርዛማ ነገር የሚያከማች፣ ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ፣ የመሬቱን አቀማመጥ የሚለውጥ ሥራ የሚሠራ ሰውም እንደዚያው ነው። አጠገባችሁ ጥልቅ መሠረት ተቆፍሮ የቤታችሁ ግድግዳ ቢሰነጠቅ፣ ይህን የመጨረሻውን አስታውሱት።

እንግዲህ ከፋዩ ታወቀ፤ የሚኒባሱ ባለቤት ነው። ስንት ይክፈል?

የሕጉ መልስ በአንቀጽ 2091 ላይ ያለ አጭር ሐሳብ ነው፤ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሆናል። እኩል ማለት ደግሞ ከዚያ አያንስም፣ ከዚያም አይበልጥም። ካሳ ቅጣት አይደለም። ሾፌሩ ቢሳደብም፣ የመኪናው ባለቤት ሀብታም ቢሆንም፣ ባለሱቋ ምስኪን ቢሆኑም ቁጥሩን ከፍ አያደርገውም። ዳኛው የሚፈልገው አደጋው ባይደርስ ኖሮ ባለሱቋ ይኖራቸው በነበረውና አሁን በእጃቸው በቀረው መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ስለዚህ «የንብረት ጉዳት» ስንል የዕቃው መሰበር ብቻ አይደለም፤ የሰውዬው ሀብት መጉደሉ ነው። ሊገባ የነበረ ገቢ መቅረቱም ጉዳት ነው። በሌላ በኩል ዕቃው ተሰብሮ ሀብቱ ያልጎደለ ሰው፣ ለምሳሌ ነገ ሊያፈርሰው ሠራተኛ የቀጠረበት አጥር ዛሬ የተገጨበት፣ የሚጠይቀው ነገር ይኑረው አይኑረው ያጠራጥራል።

እስቲ የባለሱቋን ሂሳብ አብረን እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው።

ቆርቆሮው፣ በሩና መደርደሪያው ተቀጥቅጦና ተበይዶ እንደነበረው እንዲመለስ ባለሙያ በፕሮፎርማ 38,000 ብር ጠየቀ። የሚጠገን ነገር ሲሆን መነሻው የጥገናው ዋጋ ነው። ጥገናው ከዕቃው ዋጋ የሚበልጥ ከሆነ ግን መጠገኑ ትርጉም ስለሌለው፣ የዕቃው ዋጋ ራሱ ጣሪያ ይሆናል።

ፍሪጁ አይጠገንም። ባለሱቋ «አዲስ ፍሪጅ ዛሬ 60,000 ብር ነው» ይላሉ፤ እውነት ነው። የተሰበረው ግን ስድስት ዓመት ያገለገለ ነው። የዚያ ዓይነትና የዚያ ዕድሜ ያለው ፍሪጅ ገበያ ላይ 25,000 ብር የሚያወጣ ከሆነ፣ ያጡት 25,000 ብር ነው። ስብርባሪውን ለቁራሌው በ2,000 ብር ከሸጡት ደግሞ 23,000 ብር ይቀራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቆጣል። «እኔ እኮ ልሸጠው አላሰብኩም፣ በስድስት ዓመቱም እንደ አዲስ ይሠራልኝ ነበር፤ አሁን አዲስ ለመግዛት ከኪሴ ልጨምር ነው?» ይላል። ቁጣው ይገባኛል። ያገለገለ ዕቃ አስተማማኝ ገበያ በሌለበት ቦታ «የአሮጌውን ዋጋ ውሰድ» ማለት ሰውየውን በተግባር ያለ ዕቃ ማስቀረት ሊሆን ይችላል፤ ይህን በማስረጃ አስደግፎ ለፍርድ ቤቱ ማሳየት የከሳሹ ሥራ ነው። መነሻው ግን የጎደለው እንጂ የሚገዛው አይደለም።

የሱቁ ዕቃስ? ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ፓስታ። ባለሱቋ እንደገና ከጅምላ ሻጭ ለማምጣት 30,000 ብር ያስፈልጋቸዋል እንበል። በመሸጫ ዋጋ ቢሰላ 36,000 ይሆናል። የትኛው ይያዝ? በመሸጫው ካሰላችሁት ትርፉ ውስጡ አለ። ከዚያ ደግሞ «ሱቁ በመዘጋቱ የቀረብኝ ትርፍ» ብላችሁ ሌላ ቁጥር ብትጨምሩ ያንኑ ትርፍ ሁለት ጊዜ ጠየቃችሁ ማለት ነው። የተከሳሽ ጠበቃ በመጀመሪያ የሚያነሣው ይህን ነው፤ አንዱ ቁጥር ከተነካ ሌላውም መጠርጠሩ አይቀርም። ስለዚህ ዕቃውን በመግዣው፣ ትርፉን ለብቻው ማስላት ይሻላል።

ሱቁ እስኪጠገን 14 ቀን ተዘጋ። በቀን የሚቀራቸው የተጣራ ትርፍ 700 ብር ከሆነ 9,800 ብር ነው። የተጣራ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ባለታክሲም መኪናው ጋራዥ ሲቆም «በቀን ይህን ያህል እሠራ ነበር» ሲል ነዳጁን፣ የረዳቱን አበል፣ የጎማና የዘይቱን ወጪ መቀነስ አለበት፤ ያልነዳበት ቀን ነዳጅ አልቀዳምና።

የገቢ ነገር ከተነሣ አንድ የማይመች ነገር ልበል። ብዙ ነጋዴ ሁለት ዓይነት ገቢ አለው፤ ለገቢዎች የሚነገርና በእውነት የሚገባ። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ «ተጋነነብን» የሚል ቅሬታ ከየአቅጣጫው እንደተነሣ ታስታውሳላችሁ። ግብር ሲመጣ ገቢው ያንሳል፣ ካሳ ሲመጣ ያብጣል። የተከሳሽ ጠበቃ የግብር ማስታወቂያችሁ ከገቢዎች እንዲቀርብ ቢጠይቅ ምን ትላላችሁ? ፍርድ ቤት ፊት የተሻለ ተሰሚነት የሚኖረው ከክርክሩ በፊት የተጻፈው ወረቀት ነው።

ወደ ሂሳቡ ስንመለስ፣ 38,000፣ 23,000፣ 30,000 እና 9,800 ሲደመር 100,800 ብር ነው። ባለሱቋ የጠየቁት 200,000 አይደለም፤ የሽማግሌው 50,000ም አይደለም።

ገና አላለቀም። አደጋው የደረሰው ከቀትር በኋላ ነው፤ ማታ ዝናብ ጣለ። ባለሱቋ ተናድደው «ይይ መንግሥት፣ ይይ ሕዝብ» ብለው ሳይነካ የተረፈውን ስኳር እዚያው ተዉት። የ4,000 ብር ስኳር በሰበሰ። ይህ ጉዳት ከአደጋው የመጣ ነው ወይስ ከመተው? ሕጉ ተጎጂው በአእምሮ ሚዛን ተመርቶ ሊያስቀረው ይችል የነበረውን ጉዳት ከሌላው አይጠይቅም ይላል። ስለዚህ በሱቁ ዕቃ ዋጋ ውስጥ የተቆጠረው ያ 4,000 ይወጣል፤ 96,800 ይቀራል። ስኳሩን ለማዳን ጋሪ ተከራይተው ቢሆን ኖሮ ግን የጋሪውን ኪራይ መጠየቅ ይችሉ ነበር።

ሱቁ ራሱ የተተከለው የመኪና መንገዱ ጠርዝ ላይ፣ መሆን በማይገባው ቦታ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ከተጎጂዋም ጥፋት አለ። ፍርድ ቤቱ የሁለቱን ጥፋት ክብደትና ለጉዳቱ ያደረገውን አስተዋጽኦ መዝኖ ካሳውን ይቀንሳል። ጥፋቱ አንድ አምስተኛ ነው ከተባለ ካሳውም በዚያው ልክ ይጎድላል።

በመደርደሪያው ላይ የባለሱቋ የሟች ባላቸው ፎቶ ተሰቅሎ ነበር እንበል፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ተቀዳደደ። ይህ ስንት ያወጣል? ገበያው ዋጋ የለውም ይላል፤ ልብ ግን ከፍሪጁም ከስኳሩም የሚያስለቅሰው ይኸው ነው ይላል። ይህን ዓይነቱን ሕጉ የኅሊና ጉዳት ይለዋል፤ በገንዘብ የሚካሰውም ሕጉ ለይቶ በፈቀደባቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው። ጉዳቱ ታስቦ የተፈጸመ ከሆነ ዳኛው ተገቢ ካሳ ለከሳሹ ወይም ከሳሹ ለመረጠው የበጎ አድራጎት ድርጅት እንዲከፈል ሊያዝ ይችላል። ነገር ግን አንቀጽ 2116 የኅሊና ጉዳት ካሳ በምንም ሁኔታ ከ1,000 ብር አይበልጥም ብሎ ዘግቶታል። አንድ ሺህ ብር! በ1952 ዓ.ም. ክብር ያለው ገንዘብ ነበር። ዛሬ የክስ ማመልከቻውን ለማስጻፍም ላይበቃ ይችላል። በእኔ አስተያየት ይህ አንቀጽ ሊሻሻል የሚገባው ገና ዱሮ ነበር፤ ሕጉ ራሱ «ተገቢ ካሳ» እያለ ተገቢውን በማያስችል ቁጥር ማሰሩ እርስ በርሱ ይጋጫል።

(አጭር ሙዚቃ)

ከከተማው ወጣ እንበልና ወደ ማሳ እንሂድ። ነሐሴ ነው። ጤፉ አረንጓዴ ነው፣ ገና አላፈራም። የጎረቤት በሬዎች ሌሊት ከበረት አምልጠው ገብተው አንድ ጥማድ ረገጡት፤ የተረፈውን ጋጡት። ባለበሬው «ታስረው ነበር፣ ገመዱን በጥሰው ነው» ይላል። እንደ መኪናው ሁሉ የእንስሳ ባለቤትም፣ እንስሳው ድንገት አምልጦት ቢሆን እንኳ፣ ይጠየቃል። ከብቱን ለጥቅሙ የያዘ፣ የተከራየ ወይም የተዋሰ ሰውም በእጁ ባለበት ጊዜ እንዲሁ።

ካሳውስ? ጤፉ ዛሬ ሣር ነው፤ በሣርነቱ ዋጋው ኢምንት ነው። ግን ሕጉ ወደፊት የሚደርስና መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይካሳል ይላል። ስለዚህ የሚገመተው ኅዳር ላይ ሊታጨድ የነበረው ጤፍ ነው። ገበሬ ሽማግሌዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ በዚያው ሰሞን የተዘራውንና መሬቱ የሚመሳሰለውን የጎረቤት ማሳ አይተው «ይህ ስንት ኩንታል ይሰጣል?» ብለው ይነሣሉ። ጭዱም አይረሳ፤ ለከብት መኖም ለጭቃ ቤትም የሚፈለግ፣ በገንዘብ የሚሸጥ ነው። ከዚያ ላይ ገበሬው የማያወጣው ወጪ ይቀነሳል፤ ያልታጨደ ጤፍ የአጨዳና የውቂያ ጉልበት አይጠይቅምና።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። መሬቱ እርጥበት የሚይዝ ዋልካ ከሆነ፣ መስከረም ላይ ሽምብራ ወይም ጓያ ሊዘራበት ይችላል። ገበሬው ይህን ካደረገ፣ ዘሩንና ድካሙን ቀንሶ ያገኘው ትርፍ ከካሳው ላይ ይታሰባል። ዘር አግኝቶ ጉልበትም ኖሮት ማሳውን በእልህ ጦም ካሳደረው ደግሞ ያው የስኳሩ ነገር ይመጣል።

በማሳው ላይ ከብት ያገኘ ሰው ለካሳው መያዣ እንዲሆኑት ይዞ ማቆየት እንደሚችል ሕጉ ፈቅዷል፤ ሁኔታው ሲያስገድድ መግደልንም ጭምር ይጠቅሳል። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ይዛችሁ ዝም ማለት አይቻልም፤ ለባለቤቱ ሳይዘገዩ መንገር፣ ባለቤቱ ካልታወቀም መፈለግ ግዴታ ነው። መግደል ደግሞ ሌላ መንገድ በጠፋበት ጊዜ እንጂ ለንዴት መወጫ አይደለም። ባለከብቱም በበኩሉ አንድ ያልተለመደ መውጫ አለው፤ ጥፋት ከሌለበት «በሬውን ውሰደው» ብሎ ባለቤትነቱን ለተጎጂው በመልቀቅ ከኃላፊነት መገላገል ይችላል። ማን በሬውን ይሰጣል ትሉ ይሆናል። ጉዳቱ ከበሬው ዋጋ ሲበልጥ የሚሰጥ አይጠፋም።

አሁን ብዙዎችን የሚያስደነግጠውን ደንብ ላንሣ፤ የሁለት መኪናዎች ግጭት። አንቀጽ 2084 ሁለት መኪናዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል እንዳበረከቱ ይቆጠራል፤ ከጠቅላላው ጉዳትም እያንዳንዱ ባለቤት ግማሹን ይችላል ይላል። «ጠቅላላው» የሚለው ቃል ላይ ቁሙ። አንድ አሮጌ ላዳና አንድ አዲስ ውድ የቤት መኪና ተጋጩ። የላዳው ጉዳት 100,000 ብር፣ የአዲሱ መኪና ጉዳት 900,000 ብር ነው። ድምሩ 1,000,000፤ ለእያንዳንዱ 500,000። የላዳው ባለቤት የራሱን 100,000 ችሎ፣ ለዚያኛው 400,000 ብር ይከፍላል ማለት ነው! ላዳው ተሸጦ ያን ያወጣ ይሆን?

ይህ የሚሆነው ግን አደጋው በሙሉ ወይም በዋናነት በአንደኛው ሾፌር ጥፋት መድረሱ ካልተረጋገጠ ነው። ማስረጃ ካለ ግማሽ በግማሹ ይፈርሳል። ስለዚህ ነው የትራፊክ ፖሊሱ ፕላን፣ የጎማው ዱካ፣ በመንገዱ ላይ የነበሩ ምስክሮች ቃል ይህን ያህል የሚከብደው። ግጭት ሲደርስ መኪናውን ገፋ አድርገው፣ ፖሊስ ሳይጠሩ፣ «በኋላ እንነጋገራለን» ተባብለው የሚለያዩ ሰዎች ሳያውቁት ወደ ግማሽ በግማሹ ደንብ እየሄዱ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ በዚህ የበለጠ የሚጎዳው ርካሹን መኪና የያዘው መሆኑ ነው።

«ሦስተኛ ወገን መድን አለ» የሚል አድማጭ ይኖራል። አዎ፣ በ2005 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 799 መሠረት ያለዚህ መድን መኪና መንዳት ክልክል ነው። መድኑ ግን ጣሪያ አለው። ዐዋጁ ሲወጣ በአንድ አደጋ ለደረሰ የንብረት ጉዳት የተቀመጠው ጣሪያ 100,000 ብር ነበር፤ ዛሬ የሚሠራበትን ልክ ከመድን ድርጅታችሁ ጠይቁ። ከጣሪያው በላይ ያለውን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። ተጎጂው የራሱ መድን ቢኖረውም ባይኖረውም ጉዳት አድራሹን የመጠየቅ መብቱ አይጠፋም።

ማስረጃን በሚመለከት ሕጉ ሸክሙን ከሳሹ ላይ ነው የጣለው። የጉዳቱን መጠንም፣ ተከሳሹ ኃላፊ የሚሆንበትን ምክንያትም የሚያስረዳው እሱ ነው። ስለዚህ ከማጽዳታችሁ በፊት ፎቶ አንሡ። የተሰበረውን አትጣሉ፤ የፍርድ ቤቱ ባለሙያ ሊያየው ይችላል። የዕቃ መግዣ ደረሰኝ፣ የዱቤ ደብተር፣ የጋራዥ ፕሮፎርማ፣ ከተቻለ ከአንድ በላይ ጋራዥ የተወሰደ፣ አሰባስቡ። መኪና ከሆነ የባትላሜራው፣ የቀለሙና የመለዋወጫው ዋጋ ተለይቶ ይጻፍ፤ «ጠቅላላ ጥገና» የሚል አንድ መስመር ለክርክር በር ይከፍታል። ተከሳሹ ዋጋውን ከካደ ፍርድ ቤቱ ገማች ባለሙያ ሊሾም ይችላል፤ የባለሙያው ሪፖርት ካልተዋጠላችሁ መቃወም ትችላላችሁ፣ ዝም ካላችሁ ግን ይጸድቃል።

«ዳኛው በርትዕ ይወስንልኛል» ብለው እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ አሉ። አንቀጽ 2102 በእርግጥ ለዳኛው ይህን ሥልጣን ይሰጣል፤ ግን የጉዳቱን ትክክለኛ ልክ ማወቅ በማይቻልበት ጊዜ ነው። እንደተረገጠው ጤፍ፣ እንደተቃጠለ የሂሳብ መዝገብ ላለው ነገር ነው የተጻፈው። ከጋራዥ በአንድ ቀን የሚገኝ ፕሮፎርማ ላላመጣ ሰው አይደለም። አንዳንዴ ይህ አንቀጽ ለጎደለ ማስረጃ ማሟያ ሆኖ ሲጠራ እሰማለሁ፤ አይመስለኝም።

የወንጀሉ ጉዳይ ሌላ መንገድ ነው፣ በአጭሩ ልለፈው። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 689 የሰውን ንብረት ማበላሸት የሚያስቀጣው ታስቦ ሲፈጸም ነው። በቸልተኝነት የሰበረ ሰው በዚህ አንቀጽ ባይቀጣም ካሳ ከመክፈል አይድንም። እንዲያውም አንድ ሾፌር በወንጀል ተከሶ በነጻ ቢሰናበት፣ የፍትሐ ብሔሩ ፍርድ ቤት «ጥፋት አለ ወይስ የለም» የሚለውን ሲመረምር በዚያ ነጻ መለቀቅ አይታሰርም። «ፍርድ ቤት ነጻ አውጥቶኛል» የሚለው ቃል ካሳን አያስቀርም።

ሽምግልናስ? እኔ እደግፈዋለሁ። ጊዜም ገንዘብም ያድናል፤ ጎረቤትም ያተርፋል። ግን ይጻፍ። የተስማማችሁበት ገንዘብ ምን ምኑን እንደሚጨምር፣ ጥገናውን ብቻ ነው ወይስ የቀረውንም ገቢ፣ በግልጽ ይስፈር፤ ሁለቱም ይፈርሙ፣ ምስክርም ይኑር። ዛሬ ሃምሳ ሺህ ተቀብላችሁ «ሌላ ምንም አልጠይቅም» ብላችሁ ከፈረማችሁ፣ ነገ ፍሪጁን ስታስታውሱ የምትመለሱበት በር የጠበበ ነው።

ስምምነት ከሌለ ክስ ነው። የዳኝነት ገንዘቡን መክፈል የማይችል ሰው ድህነቱን አስረድቶ በደሃ ደንብ እንዲከስ መጠየቅ ይችላል። በክሱ ላይ ከካሳው በተጨማሪ ወለድ መጠየቅም አትርሱ፤ ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው፣ ካልጠየቃችሁት ደግሞ አይሰጣችሁም።

ቀነ ገደቡን ልንገራችሁና ልሰናበት። የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ይህን ቀነ ገደብ ሕጉ ይርጋ ይለዋል። ድርጊቱ ወንጀልም ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከሁለት ዓመት የሚረዝም ከሆነ፣ ረጅሙ ለካሳውም ይሠራል። ሽማግሌ ቤት ስትመላለሱ፣ «ለፋሲካ እከፍልሃለሁ» እየተባለ ፋሲካው ሲያልፍ፣ ይርጋው እየቆጠረ ነው፤ መመላለሱ ብቻውን ያቆመዋል ብላችሁ አትተማመኑ። ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ ግን ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራልና፣ «አምኛለሁ፣ እከፍላለሁ» የምትል የተፈረመች ወረቀት መያዝ ይጠቅማል። ጊዜው ያለፈበት ሰውም ቢሆን ገና ክስ ሳያቀርብ ተስፋ አይቁረጥ፤ ይርጋን ተከሳሹ ራሱ ካላነሣው ዳኛው በራሱ አያነሣውም። ይህን የምለው በዚያ ላይ ተደገፉ ለማለት አይደለም፤ ጠበቃ ያለው ተከሳሽ በመጀመሪያው መልሱ ላይ ያነሣዋል።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ከመድን ድርጅት ጋር የሚደረግ ክርክር ምን እንደሚመስል እናያለን።